ከልጆች ጋር ድንኳን ይዞ ለሚወጣ፦ ጅቡን ተዉትና ከሰሉን ፍሩ

የትምህርት ቤት እረፍት ሲቃረብ «ዘንድሮ ልጆቹን ይዘን ከጅማ በቦንጋ መንገድ እንውጣ፣ ድንኳን ተክለን እንደር» ያላችሁ እንደሆነ ምክር እንደ ሐምሌ ዝናብ ይወርድባችኋል። አክስት ጅቡን ታነሳለች። ጎረቤት ብርዱን። ጓደኛ ደግሞ «ኧረ ምንም አይሆኑም፣ እኛ በጭነት መኪና ላይ አይደል ያደግነው» ይላል። የሚገርመው፣ የምንፈራው ሌላ፣ የሚጎዳን ሌላ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ጅብ ይበላችኋል!»

ጅብ አለ፣ አይካድም። ግን ወደ ድንኳን የሚጠራው የምግብ ሽታ ነው። የተረፈ እንጀራና አጥንት ውጭ አይደርም፣ ድስቱም ታጥቦ መኪና ውስጥ ይቆለፍበታል። ልጅ ከድንኳን ውጭ አይተኛም፣ ማታ ለሽንት ብቻውን አይወጣም። ፖፖ ያዙ፣ አትፈሩበት። ገለል ያለ ሜዳ ላይ ብቻችሁን ከመስፈር ደግሞ የአካባቢውን ሰው አስፈቅዳችሁ ሰው ባለበት ግቢ ውስጥ መትከል ይሻላል።

ስለ ጉማሬ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ጅማ አጠገብ ባለው የቦዬ ረግረግ አካባቢ ያደገ ሰው ያውቀዋል፦ ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፣ ማታ ሣር ፍለጋ ይወጣል፣ በእሱና በውሃው መካከል የገባውን ደግሞ አይምርም። ስለዚህ ጉማሬ ካለበት ረግረግና ወንዝ ዳር ራቁ፣ ቦታው የፈለገውን ያህል ለፎቶ ቢያምርም።

«ከሰሉ አንዴ ከጋየ ምንም አያደርግም»

ይሄ ነው ዋናው፣ ሌላውን ብትረሱ እንኳ ይሄን አትርሱ።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። ማታ ላይ ቡና ተፈልቷል፣ ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭስ የለውም። ሕፃኑ እጁ ቀዝቅዟል። አንዱ «ምድጃውን ትንሽ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ድንኳኑን ያሙቀው» ይላል። ሁሉም የሚያውቀው «ጭስ እስካለ ነው የሚመርዘው» የሚለውን ነው። እውነታው ግን ሌላ ነው። የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ፍም ሆኖ ከቀላው ከሰልም ይወጣል። አመድ የለበሰ ፍም እንኳ አይታመንም። የድንኳኑን ዚፕ ትንሽ ከፈት ማድረግ መፍትሔ አይደለም። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ከአዋቂ ቀድመው ይመረዛሉ። ምልክቱ ደግሞ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ የዋለ ልጅ እንዲህ ሲሆን ማን ይጠረጥራል? «ደክሞት ነው» ተብሎ ይተኛል።

ስለዚህ ከሰልም ሆነ ቡታጋዝ ድንኳን ውስጥ አይገባም፣ በዝናብም ቢሆን። ቡናውን ውጭ ጠጡት፣ እዚያ የበለጠ ይጣፍጣል።

ብርዱስ? «ጅማ ምን ብርድ አለ» የሚለው ሌላው ስህተት ነው። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል፤ በለጤ ጫካ ላይ ወይም ወንጪ ሐይቅ አፋፍ ላይ ማደር ካሰባችሁማ ጭራሽ። ሰው ብርድ ልብስ ይደራርባል፣ ብርዱ ግን ከመሬት ነው የሚመጣው። ከላይ ሁለት ጋቢ ከመልበስ ከሥር አንድ ወፍራም ስፖንጅ ማንጠፍ ይበልጣል። ልጁን ደረቅ ካልሲና ኮፍያ አድርጉለት፣ ቀን የለበሰውን ላብ የነካው ልብስ ቀይሩለት። ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ በደንብ ከድኖ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ትልልቆቹ ልጆች እግር ሥር ማድረግ ይቻላል።

«አቅፌው እቀመጣለሁ፣ እናቱ ነኝ»

የእናት እጅ ጠንካራ ነው፣ ፊዚክስ ግን አያውቃትም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደመውደቅ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በዚያች ቅጽበት ከእጅ ይወጣል፣ የፈለገ ጉልበት ቢኖራችሁ። ከፊት ወንበር ላይ አቅፎ መቀመጥ ደግሞ የባሰው ነው፣ ሕፃኑ በእናቱና በዳሽቦርዱ መካከል ይሆናል። የልጅ መቀመጫ ርካሽ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግን ድንኳን ለመግዛት ከተቆጠበው ገንዘብ መጀመሪያ እሱ ይገዛ። በውሰት ከተገኘም እሰየው፣ ግጭት ያላየ መሆኑን ጠይቁ። ቦታው የኋላ ወንበር ነው።

«ባዶ ሆዱን ቢሄድ አያስመልሰውም»

ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ሊያባብሰው ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት ቀለል ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ደረቅ ዳቦ ወይም ቂጣ ስጡት። ወተትና ቅባት ያለው ምግብ ይቅር። በመንገድ የሚብስበት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ነው። ዝም ይበል ብላችሁ ስልክ የምትሰጡት ከሆነ ደግሞ እናንተው አመጣችሁት፤ ዓይኑ ስክሪን ላይ ተክሎ ሰውነቱ ሲንገጫገጭ ነው የሚያቅለሸልሸው። በመስኮት ሩቅ ሩቁን ይይ። ጉሬዛ ያየ ሰው ይቆጠርለት።

በነገራችን ላይ የመንገድ ስንቅ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ቆሎ ነው። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎ፣ ለውዝና ፈንድሻ አይሰጥም፣ መኪና ውስጥማ በጭራሽ። አንድ ጉድጓድ ይበቃል፣ ፍሬዋ ትንፋሽ መንገድ ውስጥ ትገባለች።

«የምንጭ ውሃ ነው፣ ንጹሕ ነው»

ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ከላይ ከብት ይጠጣል፣ ሰው ይታጠባል። ለልጆች አፍልቱት፤ በደንብ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ግን 3 ደቂቃ፣ ምክንያቱም ከፍታ ላይ ውሃ ሳይግል ነው የሚፈላው። ጥርሳቸውንም በዚያው ውሃ ይቦርሹ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ወንዝ ውስጥ እግራቸውን ማቆየቱም ይቅርባቸው፣ ቢልሃርዝያ የሚያመጣው ትል በቆዳ በኩል ነው የሚገባው።

«በጀሪካን መጠባበቂያ ቤንዚን እንያዝ»

አይሆንም። ልጅ ባለበት መኪና ውስጥ ቤንዚን አይጫንም። ጅማ ላይ ሞልታችሁ ውጡ፣ በቃ።

«ወባ የቆላ ነው፣ እኛን አይመለከተንም»

መንገዱን ተመልከቱት። ሰቃን፣ ሸቤን አልፋችሁ ወደ ጎጀብ ስትወርዱ ሙቀቱ ራሱ ይነግራችኋል። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ነው፣ ጅማ ራሷ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ይብሳል። አስተላላፊዋ ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ነው የምትነክሰው፣ ስለዚህ ልጆቹ ሲመሽ ረጅም እጅጌና ሱሪ ይልበሱ፣ የድንኳኑ መረብ ቀዳዳ ካለው አጎበር ውስጡ ይታሰር። ነጭ ሽንኩርት መብላት ትንኝ አያባርርም፣ ሰው ነው የሚያባርረው።

አንድ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ልጁ ገና በማግስቱ ቢያተኩሰው ያ ወባ ከዚያ ሌሊት የመጣ አይደለም፣ ከተነከሰ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ይፈልጋል። ሌላ ነገር ሊሆን ስለሚችል ታዲያ አትዘናጉ። በተቃራኒው ቤት ከተመለሳችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጉዞው ተረስቶ፣ ድንኳኑ ታጥፎ ከአልጋ ሥር ከገባ በኋላ የሚመጣው ትኩሳት ነው የሚጠረጠረው። ያኔ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱትና የት እንዳደራችሁ ለጤና ባለሙያው ንገሩ።