ከከፍታ መውደቅና የጭንቅላት ጉዳት በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ፎቅ በሚሠራበት ሁሉ በአጣና የተመታ መወጣጫ ይቆማል። ግንበኛው፣ ለሳኙና የቀን ሠራተኛው በዚያ ላይ ሲመላለሱ ብዙ ጊዜ ጭንቅላታቸው ላይ ያለው ሻሽ ወይም ኮፍያ እንጂ ሄልሜት አይደለም። ከከተማው ወጣ ሲባል፣ በዘጌና በሐይቁ ዳር ባሉ ቀበሌዎች፣ ሰው የሚወድቀው ከዛፍ ነው፤ ማንጎ ሊያወርድ ወይም ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ወጥቶ፣ በተለይ ክረምት ግንዱ ሲያዳልጥ።

ከ3 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት የሚመታው በሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው፤ ከ6 ሜትር ከሆነ ወደ 39 ይጠጋል። ስለዚህ «ከአንደኛ ፎቅ ነው የወደቀ» ተብሎ የሚናቅ አደጋ የለም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው ከወደቀ በኋላ ተነሥቶ የሚያወራው ሰው ሞት ነው። ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው የራስ ቅል አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩም ደም ቅዳ ያልፋል። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ቧንቧው ይቀደድና ደም በራስ ቅሉና በአንጎል ሽፋን መካከል ይጠራቀማል። ሰውየው ለአፍታ ራሱን ስቶ ይነቃል፤ «ደህና ነኝ» ብሎ አቧራውን አራግፎ ቤቱ ይገባል። ከሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ይብስበታል፣ ደጋግሞ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ሊሰፋም ይችላል። ቤተሰቡ ደክሞት ነው ብሎ ያስተኛዋል። ደሙ በጊዜ በቀዶ ሕክምና ቢወጣለት ግን ሙሉ በሙሉ ሊድን የሚችል ሰው ነበር። በአረጋውያንና መጠጥ በሚያዘወትሩ ሰዎች ላይ ደግሞ ደሙ ቀስ ብሎ ተጠራቅሞ ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል።

ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የከተማዋ ትልልቅ ሪፈራል ሆስፒታሎች ናቸው። ሐኪሞች የተጎጂውን የንቃት ደረጃ ከ3 እስከ 15 በሚሄደው የግላስጎው መለኪያ ይለካሉ፤ 8ና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ነው። ደም መፍሰሱን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው።

የወደቀን ሰው ብድግ አድርጎ ባጃጅ ውስጥ አጥፎ መጫን በደግነት የሚደረግ፣ ነገር ግን አንገቱ ከተሰበረ ሽባ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ወደ ቀይ መስቀል 907 ደውሎ፣ አንገቱን ሳያነቃንቁ መጠበቅ ይሻላል። ካስመለሰው ራሱን፣ አንገቱንና አካሉን አንድ ላይ ይዞ በጎኑ ማዞር ነው። ውሃ አይጠጣም፤ ፊቱ ላይም አይደፋበትም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ሠራተኛው ከቀን ገቢው ላይ የሚገዛው አይደለም። ከሆስፒታል የወጣ ሰው መርሳት፣ ማዞርና አንዳንዴም የሚጥል ሕመም ሊከተለው ስለሚችል ሐኪሙ ሳይፈቅድለት ወደ መወጣጫው መመለስ የለበትም።