ላሊበላን በስሪዲ መቅረጽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር ተለክተው ኮምፒውተር ላይ በሦስት ገጽታ (ስሪዲ) ተቀርጸዋል። የለካቸው በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ያለው የዛማኒ ፕሮጀክት ነው። ይህን ለሰው ሳወራ የምሰማው መልስ ግን ሁሌም ያው ነው።

«ለቱሪስት የሚሆን ቆንጆ ቪዲዮ ነው አይደል?» አይደለም፣ ልኬት ነው። ስካነሩ ጨረር ይልካል፣ ጨረሩ ግድግዳው ላይ አርፎ ሲመለስ ርቀቱን ያሰላል፣ ይህንንም በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋግመዋል። እያንዳንዱ ነጥብ የት እንዳለ በቁጥር ይታወቃል። የአንድ መስኮት ስፋት ከፈለጉ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ነጥብ መርጦ መለካት ነው።

«ድሮን አስነስቶ ፎቶ ማንሳት ይበቃል» የሚሉም አሉ። ከፎቶ ሞዴል መሥራት በእርግጥ ይቻላል፣ ፎቶግራሜትሪ ይባላል፣ እኔም የምወደው ዘዴ ነው። ግን ፎቶዎቹ በደንብ መደራረብ አለባቸው፤ በትክክል የተለካ ነገር ካልገባበት ደግሞ ቅርጹ ያምር ይሆናል እንጂ መጠኑ አያስተማምንም። ቤተ ጊዮርጊስን አስቡት። ወደ 12 ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው የቆመው። ድሮኑ ጣሪያው ላይ ያለውን ተደራራቢ መስቀል ጥርት አድርጎ ያያል። የመስኮቶቹን ጥልቀት፣ ግድግዳው ሥር ጥላ የዋጠውን ድንጋይ፣ የውስጡን ቅስቶች ግን ከየት አምጥቶ? መሣሪያውን ተሸክሞ መውረድ፣ ጫማ አውልቆ መግባት፣ ከጥግ ጥግ እያዞሩ መለካት የግድ ነው።

ሌዘሩ ድንጋዩን ይጎዳል የሚባለው ስጋት መሠረት የለውም። ብርሃን ነው፣ አይፍቅም፣ አይቦረቡርም።

በጣም የሚያሳስበኝ «አንዴ ከተቀረጸ ቅርሱ ድኗል» የሚለው ነው። ሞዴል ዝናብ አይከለክልም፣ ስንጥቅም አይደፍንም። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ አንድሩ ታሎን የፓሪሱን ኖትርዳም ካቴድራል በ2010 እ.ኤ.አ. በሌዘር ለክቶት ነበር፤ በ2019 ጣሪያው ሲቃጠል ያ ልኬት ለጠጋኞቹ ትልቅ እገዛ ሆነ፤ የተቃጠለውን የእንጨት ማዋቀሪያ መልሰው ያቆሙት ግን አናጢዎች ናቸው፣ ያውም በመጥረቢያ እየጠረቡ። ላሊበላም ላይ የዛሬው ልኬት ዋናው ጥቅሙ ከዓመታት በኋላ በድጋሚ ተለክቶ ሲነጻጸር ነው፤ የትኛው ግድግዳ እንደተሸረሸረ፣ የትኛው ስንጥቅ እንደሰፋ ያኔ ይለያል።

ለዚህ ደግሞ ፋይሉ መኖር አለበት። ሃርድ ዲስክ ይበላሻል፣ ሶፍትዌር ያረጃል። ስለዚህ ጥሬው የነጥብ መረጃ ራሱ፣ የተወለወለው ሞዴል ብቻ ሳይሆን፣ ሁለት ሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ በየጥቂት ዓመቱም ተከፍቶ ይታይ፣ ወደ አዲስ ዲስክ ይገልበጥ።