የቬፕ ኃይል መቆጣጠሪያ ምንድን ነው?

ቬፕ ወይም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ውስጥ የሚቃጠል ነገር የለም። ቢያንስ መቃጠል የለበትም። ያለው ባትሪ፣ የተጠቀለለች ትንሽ ሽቦና በፈሳሽ የራሰ ጥጥ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫ፣ አብዛኛውን ጊዜም ኒኮቲን አለ። ባትሪው ሽቦዋን ያግላል፣ ፈሳሹ ይተናል፣ ሰውየው ይስባል። በቃ። ሽቦዋ በደንብ ካልጋለች ፈሳሹ ሳይተን ወደ አፍ ይረጫል። ከልክ በላይ ከጋለች ደግሞ ጥጡ ይደርቅና ያርራል፣ ያን ጣዕም አንዴ የቀመሰ ሰው ቶሎ አይረሳውም። እና ሽቦዋ ስንት ዋት ታግኝ የሚለውን የሚወስነው ክፍል ነው የኃይል መቆጣጠሪያ የሚባለው።

ለምን አስፈለገ? ባትሪ ቃሉን ስለማይጠብቅ። የሊቲየም ባትሪ ቻርጁ ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት ይሰጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ 3.2 አካባቢ ይወርዳል። ሽቦዋ ግማሽ ኦም ናት እንበል፤ ኦም ሽቦ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው። ዋቱ የሚገኘው ቮልቴጁን በራሱ አባዝቶ ለኦሙ በማካፈል ነው፤ ስለዚህ ባትሪው ሙሉ ሳለ 35 ዋት ያህል ታገኛለች፣ 3.5 ቮልት ሲደርስ ግን 24.5 ብቻ። ልብ በሉ፣ ቮልቴጁ የቀነሰው በአንድ ስድስተኛ ነው፣ ኃይሉ ግን ሲሶ ገደማ ጠፋ። ሜካኒካል ሞድ የሚባሉት፣ ባትሪና ቁልፍ ብቻ ያላቸው የብረት ቱቦዎች፣ ዛሬም እንዲህ ነው የሚሠሩት።

ቺፕ፣ ማለትም የኃይል መቆጣጠሪያ፣ ያለው መሣሪያ መጀመሪያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሰድዶ የሽቦዋን ኦም ይለካል። ከዚያ የታዘዘለትን ዋት ያያል። 40 ዋት ከተባለና ሽቦዋ ግማሽ ኦም ከሆነች 4.47 ቮልት ያስፈልጋል፣ ይህን ደግሞ አንድ ባትሪ ሙሉ ሆኖም አይሰጥም። እዚህ ላይ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም ቮልቴጅ ቀያሪው ክፍል፣ ይገባል። ኢንዳክተር የሚባል ሌላ ጥቅል ሽቦ አለው፤ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ በሴኮንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይበራል ይጠፋል፣ ሲበራ ኢንዳክተሩ ኃይል በማግኔት መልክ ያጠራቅማል፣ ሲጠፋ ያጠራቀመውን በባትሪው ላይ ደርቦ ይለቀዋል፣ ቮልቴጁም ከባትሪው በላይ ይወጣል። ዝቅ ማድረግ ሲፈለግም ያው ዘዴ ተገልብጦ ይሠራል። ቤት ውስጥ ፍሪጅ ላይ የምንሰካውን ስታብላይዘር አስቡት፤ መብራቱ ቢዋዥቅም ፍሪጁ አያውቅም።

ርካሽ መንገድም አለ። የባትሪውን ቮልቴጅ ሳይነካ እየቆራረጠ መልቀቅ ነው። ግማሹን ጊዜ ክፍት፣ ግማሹን ዝግ ከሆነ ሽቦዋ በአማካይ ግማሽ ኃይል ታገኛለች። መቆራረጡ በቂ ፈጣን ከሆነ ሽቦዋ ለመቀዝቀዝ ፋታ ስለማታገኝ ልዩነቱ አይታወቅም። ችግሩ፣ ይህ ዘዴ መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም። ባትሪው ከሚሰጠው በላይ ከየት ይመጣል?

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ላይ ደረስን። ቺፑ ኃይል አይፈጥርም። 40 ዋት ለሽቦዋ ከሰጠ 40 ዋቱን ከባትሪው ወስዶ ነው፣ በመንገድ ላይ የሚባክነውን 10 በመቶ ያህል ጨምሩበትና 44 ዋት በሉት። ባትሪው ሙሉ ሳለ ከእሱ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ 10.5 አምፒር ያህል ነው። 3.2 ቮልት ላይ ሲደርስ ግን ወደ 14 አምፒር ይጠጋል። ማለትም ባትሪው በደከመ ቁጥር ይበልጥ ይጨመቃል! በብረት ቱቦው ላይ ተቃራኒው ነው፣ ባትሪው ሲደክም አምፒሩም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ቺፕ ላለው መሣሪያ ባትሪ ስትመርጡ የሽቦዋን ኦም ይዞ ማስላት ዋጋ የለውም። የሚሰላው በዋቱና ባትሪው በሚወርድበት የመጨረሻ ቮልቴጅ ነው። ይህን ሳያውቁ "ኦሙን ንገረኝና ባትሪህን ልንገርህ" የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል፣ ለቱቦው ልክ ናቸው፣ ለቺፑ አይደሉም።

ከዋት ቀጥሎ የመጣው ሙቀት መቆጣጠር ነው። ኢቮልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዲኤንኤ 40 በሚለው ቺፑ ይህን እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ አዋለ። ደስ የሚለው ነገር፣ ከሽቦዋ ጋር የተያያዘ ቴርሞሜትር የሚባል ነገር የለም። ቴርሞሜትሩ ራሷ ሽቦዋ ናት። ኒኬል ሲግል ኦሙ ይጨምራል፤ በክፍል ሙቀት 0.15 ኦም የሆነች የኒኬል ሽቦ 220 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 0.33 አካባቢ ትደርሳለች። ቺፑ ኦሙን እያየ ሙቀቱን ያሰላል። ጥጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ፈሳሹ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ሲደርቅ ግን ሽቦዋ በአንዴ ትግላለች፣ ቺፑ ያኔ ዋቱን ይቀንሳል። ቲታኒየምና ስቴንለስ ስቲልም ይሠራሉ። ካንታል የሚባለው የሽቦ ዓይነት ግን ቢግልም ኦሙ ብዙም ስለማይነቃነቅ ለዚህ አይሆንም።

እግረ መንገዴን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ደብዳቤ ወጥቶ ብዙ አጨቃጭቆ ነበር። ተመራማሪዎቹ በቬፕ ተን ውስጥ በ3.3 ቮልት ያላገኙትን፣ ፎርማልዲሃይድ የተባለውን መርዛማ ኬሚካል የሚለቅ ውህድ በ5 ቮልት አገኙ። ተቺዎቹ "በዚያ ሙቀት ጥጡ ያርራል፣ ማንም ሰው አይስበውም" አሉ። ክርክሩ ውስጥ አልገባም፣ ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ "5 ቮልት" ብቻውን ምንም አይነግረንም። ባለ 2 ኦም ሽቦ ላይ 12.5 ዋት ነው፣ ግማሽ ኦም ላይ 50 ዋት። ሌላም ነገር አለ። ዋት ሲጨምር የሚተነው ፈሳሽ ይበዛል፣ በአንድ ስበት የሚገባው ኒኮቲንም እንዲሁ፤ ቺፑ እሱን ቆጥሮ "ይብቃህ" አይልም።

ቺፑ "ይብቃህ" የሚለው ለሌላ ነገር ነው። ሽቦዋ ሾርት ካደረገች አልሠራም ይላል። ባትሪው ከልክ በታች ሲወርድ ይዘጋል። ቦርዱ ሲግል ይዘጋል። ቁልፉ ኪስ ውስጥ ተጭኖ ቢቀር ከተወሰኑ ሴኮንዶች በኋላ ያቋርጣል። ቱቦው ከእነዚህ አንዱም የለውም፣ እኔ ብሆን ለማንም ሰው ግዛ አልልም። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 ድረስ 195 የእሳትና የፍንዳታ አደጋዎችን መዝግቧል፣ 133 ሰው ተጎድቷል። በዚያ መዝገብ የሞተ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ሰው ቬፑ ፈንድቶበት ሞተ፣ ቺፕ የሌለው ዓይነት ነበር።

ሊጣሉ የሚሸጡት ቬፖችስ? ብዙዎቹ ቁልፍም ስክሪንም የላቸውም፣ ቺፕ ግን አላቸው። ሰው ሲስብ የሚፈጠረውን የአየር ግፊት ለውጥ ትንሽ ሴንሰር ያውቅና ሽቦዋን ያበራታል። በእነዚህ ዋቱ ፋብሪካ ውስጥ ተወስኖ ያለቀ ነው፣ የሚነካካ ነገር የለም።

ትርፍ ባትሪ ኪስ ውስጥ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ቺፑ ምንም አይረዳም፣ እሱ ያለው መሣሪያው ውስጥ ነው። ባትሪው በፕላስቲክ ማስቀመጫ ይያዝ። ለበረራም ቬፑም ትርፍ ባትሪውም በሻንጣ አይጫንም፣ በእጅ ነው የሚያዘው፣ አውሮፕላን ውስጥ ቻርጅ ማድረግም ክልክል ነው። መድረሻችሁ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረትም፣ ማስመጣትም፣ መሸጥም ከልክሏል።