ውሃ በሚተኛበት ጓሮ ሀገር በቀል ቄጠማ ማልማት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከዝናብ በኋላ ውሃ የሚተኛበትን የጓሮ ጥግ ብዙ ሰው አፈር ይደፋበታል ወይም ቦይ ያወጣለታል። ቦታውን እንደ ተፈጥሮው ተቀብሎ ሀገር በቀል ቄጠማ ሊያለማበት የሚነሳው ጥቂቱ ደግሞ ከሚከተሉት ግምቶች በአንዱ ሲሰናከል ይታያል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ቄጠማ ውሃውን መጦ ቦታውን ያደርቀዋል።

እውነታው፦ ተክሉ በሥሩ የሳበውን ውሃ ወደ አየር ማትነኑ እሙን ነው፤ ነገር ግን ውሃው እንዲተኛ ያደረገው ምክንያት፣ ማለትም የተጠቀጠቀ ወይም ሸክላማ አፈር፣ አልያም ወደ ላይ የቀረበ የከርሰ ምድር ውሃ፣ ባለበት ይቆያል። ከመትከል በፊት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላትና መከታተል ይጠቅማል። ውሃው በአንድ ቀን ውስጥ ከሰረገ ቦታው ለሌሎች ተክሎችም ይሆናል፤ ለቀናት ከቆመ፣ ወይም ጉድጓዱ ሳይሞላ ከታች ውሃ ካመነጨ ግን ለቄጠማ የተመቸ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ቄጠማ፣ ደንገል፣ ፊላና ሸምበቆ ያው አንድ ናቸው።

እውነታው፦ ግንዱን በጣቶች መካከል ማንከባለል ብቻውን ብዙ ይናገራል። የደንገል ግንድ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጁንከስ በሚባለው ወገን ያሉት፣ እዚህም ከቄጠማ የምንቆጥራቸው ቄጠማ መሰል ተክሎች ግንድ ድቡልቡል ነው፤ ሸምበቆ የሣር ወገን በመሆኑ አንጓ አለው። ከጁንከስ ብዙዎቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ሲያድጉ፣ ፊላ በአፈር ውስጥ አግድም ግንድ እየዘረጋ አንድን ትንሽ ኩሬ ሊሞላው ይችላል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ውሃ ወዳድ ስለሆነ በየትኛውም ጥልቀት ይበቅላል።

እውነታው፦ በውሃ በተሞላ አፈር ውስጥ አየር የለም ለማለት ይቻላል፤ እነዚህ ተክሎች በዚያ ሊኖሩ የቻሉት በግንዳቸው ውስጥ ባሉ የአየር መተላለፊያዎች ኦክስጅን ከላይ ወደ ሥራቸው ስለሚያወርዱ ነው። ከሥሩ የሚያመልጠው ኦክስጅን በዙሪያው ያለውን ብረት ስለሚያዝገው፣ ከረግረግ የተነቀለ ሥር አንዳንዴ የዝገት ቀለም ለብሶ ይገኛል። ጫፉ ከውሃ በላይ ያልወጣ ችግኝ ይህን መተንፈሻ ስለሚያጣ ታፍኖ ሊሞት ይችላል። ብዙዎቹ የጁንከስ ዓይነቶች ከእርጥብ ዳር አንሥቶ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት እስካለው ውሃ ድረስ ይስማማቸዋል፤ ፊላ ከዚያ የጠለቀውን ይችላል። ደርቆ የቆመ ግንድም አየር ወደ ታች ማስተላለፉን ስለሚቀጥል፣ ለማሳመር ተብሎ ከውሃው ወለል በታች መቁረጥ ተክሉን ሊገድለው ይችላል (የበዛበትን ፊላ መቀነስ ለሚፈልግ ሰው ግን ይኸው ስሕተት መላ ይሆነዋል)።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ሀገር በቀል ከሆነ አይወርርም።

እውነታው፦ ሀገር በቀልነት ልክ ማወቅ ማለት አይደለም። አንድ የፊላ ራስ በነፋስ የሚበተኑ ከ100,000 በላይ ዘሮች ሊይዝ ይችላል፤ በማዳበሪያ የበለጸገ ውሃ ሲያገኝም ሌሎቹን ይጫናቸዋል። ስሙ አንድ ስለሆነም ብቻ ማመን አይገባም፤ በሰሜን አሜሪካ ረግረጎችን የወረረው ሸምበቆ እዚያው ካለው ነባር ሸምበቆ ጋር አንድ ዝርያ ሆኖ ሳለ የዘር ሐረጉ ግን ከአውሮፓ የመጣ ነው። ከተፈጥሮ ረግረግ ነቅሎ ማምጣትም ረግረጉን ይጎዳል፣ ያልተፈለገ አረምም ያስገባል፤ ከችግኝ ጣቢያ መውሰድ ይመረጣል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ቄጠማው ቆሻሻውን ሁሉ ጠጥቶ ያጣራል።

እውነታው፦ ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ኬቴ ዛይደል ከ1950ዎቹ ጀምሮ በረግረግ ተክሎች ፍሳሽ የማጣራት ሙከራ አካሂዳለች፤ ይሁን እንጂ ከሥራው አብዛኛውን የሚያከናውኑት በሥሮቹና በአፈሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ይህ የቤት ፍሳሽን ወደ ጓሮ ረግረግ ለመልቀቅ ምክንያት አይሆንም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ዘሩ አፈር መልበስ አለበት።

እውነታው፦ የጁንከስ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀና ለመብቀል ብርሃን የሚፈልግ በመሆኑ ከአፈሩ ገጽ ላይ ይበተናል እንጂ አይቀበርም። ዘሩ የተበተነበትን የችግኝ ማሰሮ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አስቀምጦ እርጥበቱ ከታች እንዲመጣ ማድረግ ይሻላል፤ ከላይ የሚፈስ ውሃ ዘሩን ጠራርጎ ይወስደዋል።