ካንሰር ከቦታ ቦታ ለምን ይለያያል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በአንድ አካባቢ ካንሰር የሚበዛው በነዋሪዎቹ ዘር ምክንያት ነው።»

ይህን እምነት ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው የፍልሰተኞች ታሪክ ነው። ጃፓን ውስጥ የጨጓራ ካንሰር በብዛት ይታይ በነበረበት ዘመን ወደ ሃዋይና ካሊፎርኒያ በሄዱት ጃፓናውያን ልጆችና የልጅ ልጆች ላይ ይህ ካንሰር እየቀነሰ ሲመጣ፣ በአገራቸው እምብዛም ያልነበረው የጡትና የትልቁ አንጀት ካንሰር ግን ወደ አዲሱ አገር መጠን ተጠጋ። በሁለትና በሦስት ትውልድ የሕዝብ ዘረመል አይለወጥም፤ የተለወጡት አመጋገባቸው፣ የሰውነት እንቅስቃሴያቸው፣ የሚወልዱበት ዕድሜና የልጆቻቸው ቁጥር ናቸው። ውርስ ምንም ሚና የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ከወላጅ በሚወረስ የጂን ጉድለት የሚመጣው ካንሰር ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 በመቶ እንደሚሆን ይገመታል።

«ካንሰር የሀብታም አገሮች በሽታ ነው።»

በሀብታም አገሮች ብዙ ሕሙማን መመዝገባቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ በእነዚያ አገሮች ሰው ረጅም ዕድሜ ስለሚኖር፣ ምርመራውም ምዝገባውም ስለተሟላ፣ ቁጥሩን እንዳለ ማወዳደር ያሳስታል፤ ባለሙያዎች የሕዝቦችን የዕድሜ ልዩነት በስሌት የሚያስተካክሉትም ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው በመታመምና በመሞት መካከል ያለው ርቀት ነው። በ2022 ግምት መሠረት፣ የሰብዓዊ ልማት ደረጃቸው (በጤና፣ በትምህርትና በገቢ የሚለካው) እጅግ ከፍተኛ በሆኑ አገሮች ከ12 ሴቶች አንዷ በሕይወት ዘመኗ የጡት ካንሰር ሲገኝባት ከ71 ሴቶች አንዷ ትሞትበታለች። ደረጃው ዝቅተኛ በሆነባቸው አገሮች ደግሞ የሚገኝባት ከ27 አንዷ ስትሆን የምትሞተው ከ48 አንዷ ናት። በሽታው ያነሰባቸው ሴቶች በብዛት የሚሞቱት ዘግይቶ ስለሚታወቅላቸውና በቂ ሕክምና ስለማያገኙ ነው።

«ካንሰር ከኢንፌክሽን ጋር አይገናኝም።»

በ2018 በዓለም ከተገኙት አዳዲስ የካንሰር ሕመሞች 13 በመቶ ያህሉ ከኢንፌክሽን ጋር የተያያዙ ነበሩ። የማህፀን ጫፍ ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁሉም በሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ይመጣል።

«የኑሮ ዘይቤ የግል ምርጫ ስለሆነ ጥፋቱ የታማሚው ነው።»

ማጨስና አልኮል መጠጣት አደጋውን እንደሚጨምሩ አያጠያይቅም። ነገር ግን ተጨናንቆ በሚኖር ቤት በልጅነቱ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው፣ ለጨጓራ ካንሰር የሚያጋልጥ ባክቴሪያ የያዘው ሰው፣ እርጥበት ባገኘው እህል ላይ በሚበቅል ሻጋታ የሚመነጨውን አፍላቶክሲን የተባለ ለጉበት ካንሰር የሚያጋልጥ መርዝ ሳያውቅ የሚመገብ ቤተሰብ፣ በማገዶ ጭስ መካከል የምታበስል እናት ይህን መርጠውት አይደለም። በእኔ እምነት ታማሚን መውቀስ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጭካኔም ነው፤ ሰዎች ሕመማቸውን ደብቀው እንዲዘገዩ ያደርጋልና። ታይዋን በ1984 ለጨቅላ ሕፃናት ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ መከላከያ ክትባት መስጠት ከጀመረች በኋላ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በእጅጉ የቀነሰው እያንዳንዱ ልጅ ጠባዩን አሻሽሎ ሳይሆን መንግሥት ክትባቱን ለሁሉም ስላዳረሰ ነው።

«በአንድ መንደር ብዙ ሰው በካንሰር ከታመመ ውሃው ወይም አየሩ ተበክሏል ማለት ነው።»

ካንሰር የተለመደ በሽታ በመሆኑ የተለያዩ ዓይነቶቹ በአጋጣሚ ብቻ በአንድ ሰፈር ሊበዙ ይችላሉ። ጥርጣሬው የሚጠነክረው አንድ ዓይነት፣ በተለይም ብርቅ የሆነ ካንሰር ሲደጋገም ነው። በቱርክ ካራይን በተባለች መንደር ሜሶቴሊዮማ የተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ከሌላው ዓለም እጅግ በልጦ ሲታይ የተገኘው ምክንያት ኤሪዮናይት የተባለ ማዕድን ነበር፤ ሰዎቹም ቤታቸውን የሠሩበት ድንጋይ ይህን ማዕድን የያዘ ነበር።