ሳስኪያ በሬምብራንት ሥዕሎች
የሌዋርደን ከንቲባ ልጅ የነበረችው ሳስኪያ ቫን አይለንበርግ (እ.ኤ.አ. 1612–1642) የሆላንዳዊው ሠዓሊ የሬምብራንት ባለቤት ስትሆን፣ እርሱም ከተጫጩበት ሳምንት አንሥቶ እስክትሞት ድረስ በዘይት ቀለም፣ በንድፍና በመዳብ ሰሌዳ ሕትመት ደጋግሞ ሥሏታል።

ቀዳሚው ዛሬ በርሊን የሚገኘው ትንሽ ንድፍ ነው። የተሠራው በተሰናዳ ብራና ላይ፣ ጫፉ በሾለ የብር ዘንግ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው መስመር አንዴ ካረፈ በቀላሉ ስለማይፋቅ እጅ እንዲያመነታ አይፈቅድም። ሳስኪያ ሰፊ የገለባ ባርኔጣዋን በአበባ አስጊጣ፣ አንድ እጇን ጉንጯ ላይ አስደግፋ፣ በሌላው አበባ ይዛ ትታያለች። ሠዓሊው ከሥሩ፣ ሥዕሉ የባለቤቱ መሆኑን፣ ያን ጊዜ የ21 ዓመት ልጅ እንደነበረችና ቀኑም በተጫጩ በሦስተኛው፣ ጁን 8 ቀን 1633 መሆኑን በእጁ ጽፏል። የተጋቡት በዓመቱ ነው።

በዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ላይ ግን ሳስኪያ ብዙውን ጊዜ የዘመኗን ልብስ አትለብስም። በ1634 የአበባ አክሊል ደፍታ የሮማውያን የአበባ አምላክ ፍሎራን መስላለች። በጀርመኗ ካሰል ከተማ በሚገኘውና ሬምብራንት ለዓመታት እየመላለሰ በሠራው ሥዕል ደግሞ ሰፊ ቀይ ባርኔጣ አድርጋ፣ በዘመኑ የሆላንድ ሥዕል እምብዛም ባልተለመደ አኳኋን ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን ዞራለች።

ሬምብራንት ጣሊያን ሄዶ አያውቅም፤ ጣሊያንን ያገኘው ሮም ኖሮ ከመጣው መምህሩ ከፒተር ላስትማን፣ ከሕትመቶችና ከአምስተርዳም የሥዕል ገበያ ነው። በ1639 ጣሊያናዊው ሠዓሊ ራፋኤል የሣለው የጣሊያናዊው ደራሲ የካስቲሊዮኔ ምስል ለጨረታ ሲቀርብ በፍጥነት ነድፎ፣ የተሸጠበትን 3,500 ጊልደር (የሆላንድ ገንዘብ) ከጎኑ አሰፈረ። ገዢው አልፎንሶ ሎፔዝ ሌላው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ቲሺያን የሣለው የፍሎራ ሥዕልም ባለቤት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በተሣለው፣ በጀርመኗ ድሬስደን ከተማ በሚገኘው ሥዕል ሳስኪያ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አሳርፋ ቀይ አበባ ወደ ተመልካቹ ትዘረጋለች። የአበባው ስጦታ ከቲሺያን የተወሰደ ይመስላል፤ ፊቱ ግን የአምላክ ሳይሆን፣ ሠዓሊው በየቀኑ የሚያየው የሚስቱ ፊት ነው። የሥዕሉም ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከወለደቻቸው አራት ልጆች ያደገው በ1641 የተወለደው ቲቱስ ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት የተሠሩ፣ ሳስኪያ አልጋ ላይ እንደተኛች የሚያሳዩ ተብለው የሚታመኑ ንድፎች ጌጥም የተውሶ አኳኋንም የላቸውም፤ ትራስ፣ አንሶላና የደከመ ፊት ብቻ። በጁን 1642፣ በ29 ዓመቷ ሞታ በአምስተርዳም አውደ ኬርክ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች።