ድምፅ ለምን ይጎረንናል?
ማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ስንናገር ተገናኝተው ይርገበገባሉ፤ በተለመደ ንግግር የሴት በሴኮንድ 200 ጊዜ ገደማ፣ የወንድ ደግሞ ከ100 ጊዜ ጥቂት በለጥ ይላል። በጉንፋን ወይም ስታዲየም ስንጮህ በመዋላችን አውታሮቹ ሲያብጡ ይከብዳሉ፤ ሲከብዱ ርግብግቢታቸው ይዘገያል፣ ድምፅም ይወፍራል። ጠርዛቸው እኩል ስለማይገጥም አየር በመሃል ያመልጣል፣ ምታቸው ሲዛባ ደግሞ ድምፁ ይሻክራል።

ዘማሪ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑንና ለስለስ ያለውን ዜማ ነው። ጮክ ብሎ መዘመር ግን አንዳንዴ ይችላል፤ አታላዩም ይኸው ነው፣ ምክንያቱም በኃይል የተገፋ ድምፅ እብጠቱን ያባብሰዋል።

ዝንጅብል ሻይና ማርስ? ጉሮሮን ያለዝባሉ፣ እኔም አልጠላቸውም። ሆኖም የምንውጠው ሁሉ በምግብ ቧንቧ ስለሚወርድ አውታሮቹን አይነካቸውም፤ ውሃ መጠጣት የሚጠቅመው መላ ሰውነትን በማርጠብ ነው። እብጠቱን የሚያበርደው በዋናነት ድምፅን ማሳረፍ ነው። በኃይል ማንሾካሾክ ዕረፍት አይደለም።

መጎርነኑ ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት ካለፈ፣ ሰውየው አጫሽ ከሆነ ደግሞ ይልቁንም፣ የአንገት በላይ ሐኪም ማንቁርቱን በመሣሪያ ማየት አለበት።